ዝም ያለው ስኳር

ቤርሳቤ ያደገችበት ቤት አንድ ሕግ ነበረው፤ ሳይቀምሱ ለሰው አይሰጡም። ጠላ ይሁን ወተት፣ መድኃኒት ይሁን ውሃ፣ አቅራቢው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እንግዳው እጁን የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። አባቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው ጋምቤላ ሲሰፍሩ ከብቱም ርስቱም እዚያው ቀርቶ ይህችን ሕግ ግን ይዘዋት መጡ። ልጃቸውም አድጋ፣ ተምራ፣ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ሆና እንኳ አልተወቻትም። ባሏ ኩዎል ይስቅባት ነበር። «በገዛ ቤታችን መርዝ የሚያገባው ማነው?» ይላታል። «መርዝ ፈርቼ አይደለም፤ አክብሮት ነው» ትለዋለች። አክብሮት ነው ማለት ቀላል ነው፤ የቀመሱበትን ሰው ፊት ማየት ግን ሌላ ነው። ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ኩዎል የጎግ ልጅ፣ አኙዋክ ነው። ጋምቤላ ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ቢሮው በየቀኑ አዲስ ጠረጴዛና አዲስ ኃላፊ የሚገባበት ዘመን ነበርና እሱም በግብርና ቢሮ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። ሲጋቡ ከሁለቱም ወገን እልል ያለ ዘመድ አልነበረም። የእሷዎቹ «ምነው፣ የወገን ልጅ ጠፍቶ ነው?» አሉ። የእሱዎቹ ደግሞ «የደገኛ እጅ ምን እንደሚያበላ አይታወቅም» አሉ። እሷም እሱም የሰሙትን እንዳልሰሙ ሆነው ኖሩ፤ ትዳር ከጆሮ ጋር አይሆንም።

ከዚያ የስኳር በሽታ መጣ። ኩዎል ጠዋት ጠዋት የኢንሱሊን መርፌውን ይወጋል፤ ብልቃጡን ቤርሳቤ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ታስቀምጥለታለች፤ የጋምቤላ ሙቀት ለመድኃኒት አይራራም። ያስተማረቻቸው ነርስ ቆጣ ያለች ሴት ነበረች። «መርፌው ከገባ ምግብ ይከተላል» አለቻቸው። «ሳይበላ ከቀረ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ያልቅበታል። ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበት ስኳር በጥብጠሽ አጠጪው። ለስኳር በሽተኛ ስኳር እንዴት ይሰጣል የሚልሽን ጎረቤት አትስሚ። ከዘገየሽ ይሞትብሻል።» ያቺ የመጨረሻዋ ቃል በቤርሳቤ ልብ ውስጥ እንደ ሾህ ተሰክታ ቀረች። ባሏ ሲተኛ ትንፋሹን ታዳምጣለች፤ ሲያንቀላፋ ትቀሰቅሰዋለች፤ ከቢሮ ሲዘገይ በር ላይ ትቆማለች።

አንድ ዓርብ ማታ ታላቅ እህቱ ኛታንግ ከጎግ በጭነት መኪና መጣች። እናታቸው ስትሞት ኩዎል ገና ጡት ያልጣለ ነበርና በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ቤርሳቤ እንደ አስተዳደጓ አንቱ ልትላት ብትሞክር ኛታንግ ሳቀችባት። «አንቺ በይኝ» አለቻት። «አንድ ሰው ነኝ።» በጨርቅ ጠቅልላ የመጣችውን ቅጠል ፈታ አሳየቻቸው። «የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው። ሽማግሌ ሰጠኝ። ጠዋት ያኝካል፣ ይተፋል፣ ደግሞ ያኝካል። ፀሐይ እላይ እስክትወጣ።» ይህን ቅጠል ፍለጋ ምን ያህል እንደተጓዘች ከእግሯ አቧራ ይታወቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኩዎል መርፌውን ወጋ፤ ኛታንግም ቅጠሉን ዘርግታ አቀረበችለት። እሱ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ቤርሳቤ ብድግ ብላ አንድ ቅጠል አንስታ አፏ ውስጥ ጨመረች። ልማዷ ነው፤ አላሰበችበትም። የኛታንግ ፊት ግን ወዲያው ጠቆረ። «የገዛ ወንድሜን ልመርዝ የመጣሁ መስሏት ነው» ብላ ኛታንግ እንዳሰበች ቤርሳቤ አየች፤ አይታም በሐፍረት ተሸማቀቀች። «ልማዴ ነው፣ እህቴ» አለች። «የአባቴም ልማድ ነው።» ኛታንግ የቀረውን ቅጠል ወደ ወንድሟ ገፋ አደረገች። ቤርሳቤም ያጠፋችውን ለመካስ ብላ ከባሏ እኩል ቅጠሉን ታኝክ ጀመር። እሱ ሲያኝክ ታኝካለች፤ እሱ ሲተፋ ትተፋለች። መራራ ነበር፤ ሣር ሣር የሚል መራራ። ቅያሜን በማኘክ ማብረድ ይቻል ይመስል ያን ሁሉ ጠዋት አኘከች።

ቁርስ ገንፎ በወተት ነበር። ኩዎል አንዴ ጎርሶ ፊቱን አጨማደደ። «ወተቱ ውሃ ሆኗል» አለ። «ገንፎውም ጭቃ ጭቃ ይለኛል። ቆይቼ እበላለሁ።» ሌላ ቀን ቢሆን ቤርሳቤ ቆማበት ታስበላው ነበር። ያን ዕለት ግን በተቀየመችው እህቱ ፊት ባሏን እንደ ሕፃን መጨቅጨቅ ከበዳት። እሷም የራሷን ሻይ ጠጥታ ስኳር የረሳች መስሏት ነበር፤ ግድ አልሰጣትም። ሰው ጥፋቱን የሚያውቀው ሁልጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ማወቅ ደግሞ ለምንም አይጠቅም።

ፀሐይ እየከረረች ስትሄድ ኩዎል ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ራዲዮ እያዳመጠ ተቀምጦ ነበር። ቤርሳቤ የተማሪ ፈተና እያረመች ቀና ስትል ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ አየች። በጋምቤላ ላብ ምልክት አይሆንም፤ በዚያ ፀሐይ የማያልበው የሞተ ብቻ ነው። ግን ሄዳ እጁን ስትይዘው ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። «ኩዎል፣ ምን ሆንክ?» ስትለው አያት፤ ያያትም እንደማያውቃት ሰው ነው። «መኪናው መጣ?» አላት። የሚመጣ መኪና አልነበረም።

ሮጣ ገባች። ከስኳሩ ጣሳ በማንኪያ ሞልታ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠች፣ ውሃ ጨምራ በጠበጠች፣ እንደ ልማዷም መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ምንም። ደግማ ቀመሰች። ውሃ ነው፣ ባዶ ውሃ። ሌላ ማንኪያ ጨመረች፣ ሌላም። ብርጭቆው ሥር እስኪዘቅጥ ሞልታው እንደገና ቀመሰች፤ ምላሷ ላይ እንደ አሸዋ ተንኮሻኮሸ እንጂ አንዳች ጣዕም አልነበረውም። ይሄ ምንድን ነው? ብላ ራሷን ጠየቀች። ግን ነርሷ ዘገየሽ ማለት ሞተ ማለት ነው ብላታለች፤ ብርጭቆውን ይዛ ወጣች።

ኩዎል አንድ ጉንጭ ወስዶ እንትፍ አለው። «ይሄ ስኳር አይደለም» አለ። ምላሱ ተሳስሯል፤ ቃሉ ግን ይሰማል።

«ስኳር ነው፣ ጠጣው፣ እባክህ።»

«ቀመስሽው?»

«ቀምሻለሁ።»

«ጣፈጠሽ?»

ቤርሳቤ ውሸት የማይሆንላት ሴት ናት፤ እዚህ ላይ ግን መዋሸት ነበረባት። አፏን ከፍታ ዝም አለች። ያቺ ዝምታ በቃች። ኩዎል ዓይኑ ፈጠጠ፤ ስኳር ያነሰው አንጎል ጠርጣራ እንደሚሆን፣ የሚናገረውም እሱ እንዳልሆነ ነርሷ ነግራቸው ነበር፤ ቢሆንም ቃሉ የወጣው ከባሏ አፍ ነው። «ልትገድይኝ ነው?» አላት፣ ብርጭቆውንም በእጁ መታው። መሬት ላይ ተሰበረ።

ኛታንግ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያ ቃል በዚያች ግቢ ብቻ የሚቀር አልነበረም፤ ኩዎል ከሞተ «ሚስቴ ልትገድለኝ ነው» ብሎ የሞተ አኙዋክ ይሆናል፣ እሷም ያጠጣችው ደገኛ። ከተማዋ እንዲህ ያለ ወሬ እንዴት እንደምታሳድግ ቤርሳቤ አሳምራ ታውቃለች። የአባቷ መንደር፣ የእሱ መንደር፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ በአንድ አፍታ በዓይኗ ላይ አለፈ። ግን ያስፈራት እሱ አልነበረም። ያስፈራት ኩዎል ከመቀመጫው ወደ ጎን ሲንሸራተት ማየቷ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ተሯሩጠው ደግፈው አስተኙት። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ ጥርሱ ገጥሟል።

«የስኳሩን ጣሳ ማን ነው የሞላው?» አለች ቤርሳቤ፤ ትናንት ማታ ባዶ ማድረጓ ትዝ ብሏት።

«እኔ ነኝ» አለች ኛታንግ። «ጠዋት። ልረዳሽ ብዬ። ከጓዳ።»

«ከየትኛው ላስቲክ?»

«ከነጩ።»

«ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ እህቴ። አንዱ ስኳር ነው፣ አንዱ ማዳበሪያ ነው።»

ኛታንግ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሁለት መሆኑን አላየሁም» አለች።

የቢሮው መጋዘን ዝናብ ያስገባል ብሎ ኩዎል ለሙከራ የመጣውን ማዳበሪያ በላስቲክ ቋጥሮ ጓዳ ካስቀመጠው ሰነባብቷል፤ ፍሬው የደቀቀ፣ ነጭ፣ ለዓይን ከስኳር የማይለይ ነበር። ቤርሳቤ ስንት ጊዜ አንሳው ብላዋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እነሆ ደረሰ። «ወደ ሆስፒታሉ ሩጪ» አለቻት ኛታንግን። «መኪና ካለ መኪና፣ ነርስ ካለች ነርስ። ስኳር አነሰው በይ።» ኛታንግ ወንድሟን አየች፣ ቀጥሎ ቤርሳቤን አየች። ከእሷ ጋር ብቻውን ልትተወው መፍራቷ ግልጽ ነበር። ቢሆንም ነጠላ ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ ሮጠች።

ቤርሳቤ ብቻዋን ቀረች። በአጥሩ በኩል ጎረቤቷን ተጣራች፤ ቅዳሜ ነው፣ ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቷል፣ በሩ ቁልፍ ነው። ቤት ውስጥ ማር የለም፣ ከረሜላ የለም፤ የስኳር በሽተኛ ቤት ጣፋጭ አይገኝበትም። ያለው ያ ጣሳ ብቻ ነው። ስኳር ከሆነ ያድነዋል። ማዳበሪያ ከሆነ ደግሞ በገዛ እጇ ጨርሳዋለች ማለት ነው። ምንም ካልሰጠችው ቁጭ ብላ ሲሞት ታየዋለች። የኩዎል እግር መወራጨት ጀመረ።

ጓዳ ገባች። ሁለቱ ላስቲኮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም ተፈትተዋል። ያን ጊዜ ነው አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው ያለባት፤ ኛታንግ አውቃ ቢሆንስ? ጠዋት በቅጠሉ ተቀይማ? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ሐሳቡ እንደመጣ አፈረችበት። ሰው ሲፈራ ምን ያህል እንደሚረክስ በራሷ አየችው። ያን ቅጠል ለማግኘት ያን ሁሉ መንገድ የመጣች ሴት ናት።

ቅጠሉ። ቤርሳቤ ቀጥ ብላ ቆመች።

ባለፈው ክረምት ለሥልጠና ጅማ ሄዳ ነበር። እዚያ አንድ ቀጭን አስተማሪ ጣዕም ምን እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ጣፋጭነት ያለው ስኳሩ ላይ አይደለም፣ ምላስ ላይ ነው ብሎ አስገረማቸው። ምላስ ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ሴሎች እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍሬ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ጣፋጭን የሚያውቁት ሴሎች በላያቸው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው አፋቸውን የከፈቱ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ሳይንቲስቶች እነዚህን ያገኟቸው ገና በቅርቡ ነው አለ። የስኳር ሞለኪውል መጥታ እዚያ አፍ ውስጥ ልክ ስትገጥም ፕሮቲኑ ይጨብጣታል፣ ቅርጹ ይለወጣል፣ ሴሉ ይነቃል፣ ነርቩ ወሬውን ለአንጎል ያደርሳል፤ ያኔ ብቻ ሰው ጣፈጠኝ ይላል። ጨው በዚያ በር አይገባም። ኮምጣጣም መራራም የየራሳቸው በር አላቸው። ሕንድ አገር ደግሞ አንድ ቅጠል እንዳለ አስተማሪው ነገራቸው፤ ያን ያኘከ ሰው የቅጠሉ ሞለኪውሎች ቀድመው እዚያ አፍ ላይ ይለጠፉበትና ስኳሩ ደጅ ቆሞ ይቀራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ስኳር አፈር ይሆንበታል። ክፍሉ ስቆ ነበር። እሷም ስቃለች።

ሻይዋ። ወተቱ። ጭቃ ጭቃ ያለው ገንፎ። ቤርሳቤ ይህን ሁሉ እንዴት አላሰብኩም ብላ ራሷን ልትረግም ፈለገች፤ ጊዜ አልነበራትም። ደግሞም የምላሷ በር መዘጋቱ ጣሳው ውስጥ ያለው ስኳር ነው ማለት አይደለም። በሩ የተዘጋበት ምላስ ለስኳርም ለመርዝም ምስክር አይሆንም።

ወይስ ይሆናል? የተዘጋው አንዱ በር ብቻ ነው። ሌሎቹ ክፍት ናቸው። ማዳበሪያ ጨው ነው፤ ጨው ከሆነ በራሱ በር ገብቶ መናገር አለበት።

ከአንደኛው ላስቲክ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች። ወዲያው ነከሳት፤ ጨዋማ፣ መራራ፣ ምላስን የሚቆነጥጥ ነገር። እንትፍ እንትፍ አለች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከሁለተኛው ቆነጠረች። ምንም። ተንኮሻኮሸ፣ ሟሟ፣ አለቀ። አልነከሰም፣ አልመረረም፣ አልኮመጠጠም። ከጣሳው ቆነጠረች። እሱም እንዲሁ ዝም።

የሚናገረው ማዳበሪያው ነው፤ ዝም ያለው ስኳሩ ነው። ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም አለች ለራሷ። ግን ልቧ መልሶ፣ ዝም የሚል መርዝ የለም ያለሽ ማነው? አላት። ለተማሪዎቿ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይህን ብታስረዳ ኖሮ ጠመኔውን አራግፋ ትቀመጥ ነበር፤ በጠመኔ ሰው አይሞትም። አሁን ግን ትክክል ነኝ ብሎ ማሰብና የትክክሉን ዋጋ በባል ነፍስ ማስያዝ ምን ያህል እንደሚራራቁ ገባት። የኩዎል ጉሮሮ ግቢው ውስጥ ሲያንኮራፋ ሰማችው። ጣሳውን ይዛ ወጣች።

በጎኑ አዞረችው። የገጠመ ጥርስ ውሃ አያሳልፍም፣ ቢያሳልፍም ሊያንቀው ይችላል፤ ስለዚህ ስኳሩን በጥቂት ጠብታ ውሃ አርሳ በጣቷ ጉንጩ ውስጥ፣ ድዱ ላይ ትቀባው ጀመር። «እመቤቴ፣ አደራ» ትላለች፣ ትቀባለች። አንዴ መንጋጋው ጣቷን ነከሰ፤ አላወጣችውም። በቀባች ቁጥር ነፍስ እየጨመርኩለት ነው ወይስ እየቀነስኩበት? ትላለች። እስካሁን ያልነቃው ስኳር ስላልሆነ ነው? ትንፋሹ ለአፍታ የቆመ ሲመስላት የእሷም አብሮ ቆመ። ልጅ ሆና ወደ ጋምቤላ ሲመጡ በመንገድ ላይ ታናሽ ወንድሟ እቅፏ ውስጥ ሲሞት አላወቀችም ነበር፤ ተኝቷል ብላ ስታባብለው ቆይታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ያለ ሰው ያስፈራታል። እነሆ አሁንም እቅፏ ውስጥ ዝም ያለ ሰው አለ፣ አፉ ውስጥም ዝም ያለ ነገር ትጨምራለች።

በሩ ተበረገደ። ኛታንግ እያለከለከች ገባች። «መኪናው ኢታንግ ሄዷል» አለች። «ነርሷ በእግር እየመጣች ነው።» ከዚያ የቤርሳቤን ጣት አየች፣ ነጩን ነገር አየች፣ የወንድሟን አፍ አየች። ተወርውራ የቤርሳቤን አንጓ ያዘቻት። የእርሻ እጅ ነው፤ የያዘውን አይለቅም።

«ምንድን ነው?»

«ስኳር ነው።»

«እሱ አይደለም አለ። ሰምቻለሁ።»

«ለእሱ አይጣፍጠውም። ለእኔም አይጣፍጠኝም። ቅጠልሽ የሁለታችንንም ምላስ ዘግቶታል» አለች ቤርሳቤ። «ቅጠሉ ክፉ አይደለም፣ እህቴ፤ ጣፋጩን ብቻ ነው የሚዘጋው። አንቺ አላኘክሽም። እኔ መድኃኒት ይሁን መርዝ መለየት አልችልም። ቅመሺና ንገሪኝ። ማዳበሪያ ከሆነ እጄን አንሺልኝ።»

መዳፏን ዘርግታ አቀረበችላት። መዳፉ ላይ የረጠበ ነጭ ነገር አለ፣ የጥርስ ንክሻ ደምም አለ። ኛታንግ አልተንቀሳቀሰችም። ፈርታለች፤ ጎግ ላይ የሚጠብቋት ልጆች አሏት፣ ወንድሟም ይህንኑ ቀምሶ ገደልሽኝ ብሎ ሲወድቅ በዓይኗ አይታለች። ቤርሳቤ ጠዋት እሷ ቅጠሉን ስትቀምስ የዚህች ሴት ፊት ለምን እንደጠቆረ አሁን ጠልቆ ገባት። ቀማሹ ሲሆኑ አክብሮት ነው፤ ቅመሺ ሲባሉ ግን ነፍስን ማስያዝ ነው።

ኛታንግ ወንድሟን አንድ ጊዜ አየችው። አንጓዋን ለቀቀች። ጎንበስ ብላ ከመዳፏ ላይ በምላሷ ወሰደች።

ዓይኗን ጨፈነች። ቤርሳቤ ፊቷን ታነባለች፤ ከንፈሯን፣ ጉሮሮዋን፣ ግንባሯን። ምላሷ የማይነግራትን የዚህች ሴት ፊት እንዲነግራት ትለምናለች። ኛታንግ ዋጠች። ዓይኗን ገለጠች። እጇን ጣሳው ውስጥ ከታ እፍኝ ሙሉ አወጣች፣ በምራቋ አራሰችው፣ የወንድሟን ጉንጭ ከፍታ ትቀባው ጀመር፤ ሕፃን ሳለ አጥሚት እንደምታስውጠው።

ቤርሳቤ በእግዚአብሔር ስም ብላ ተነፈሰች። ሁለቱም ግራና ቀኝ ተንበርክከው ሲቀቡት ቆዩ። ኛታንግ በቋንቋዋ የሆነ ነገር ታንጎራጉርለት ነበር፤ ምን እንደምትል ቤርሳቤ አልገባትም፣ ግን አላስፈራትም። ቀስ በቀስ ማንኮራፋቱ ቆመ። እግሩ መወራጨቱን አቆመ። መንጋጋው ላላ፣ ዋጠም። ኋላ ዓይኑ ተከፈተና ሰማይ ሰማይ ሲያይ ቆይቶ ወደ እህቱ ዞረ፣ ከእህቱም ወደ ሚስቱ።

«ቤርሳቤ» አለ።

ስሟን መጥራቱ ብቻ ሊያስለቅሳት ነበር፤ አልቅሶ የሚባክን ጊዜ ግን የለም። በሌላ ብርጭቆ በጥብጣ አመጣችለት፣ ቀና አድርጋ አስደገፈችው። እሱ ብርጭቆውን ተቀብሎ አንዴ ጠጣ፣ ቆመም። 

«አይጣፍጥም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ቀመስሽው?»

አሁንም ያው ጥያቄ ነው። አሁን መዋሸት ይቻል ነበር፤ ጣፋጭ ነው ብትለው ኛታንግም ታረጋግጥላት ነበር። ቤርሳቤ ግን አልዋሸችም። «ቀምሼዋለሁ» አለችው። «ለእኔም አይጣፍጠኝም። እንዲሁ ጠጣው።»

ኩዎል ብርጭቆውን አየ። ውስጡ የዘቀጠውን ነጭ ነገር አየ። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ፤ ጣቷ ላይ ያለውን ደም፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን አፈር፣ በላብ የራሰውን ፊቷን አየ። ሌላ አልጠየቀም። የማይጣፍጠውን ስኳር እስከ ጭላጩ ጠጣው፣ ከሥሩ የቀረውንም በጣቱ ጠርጎ ዋጠ።

ነርሷ እስክትደርስ ኛታንግ ጠዋት የተተወውን ገንፎ አምጥታ ስታጎርሰው፣ እየዋጠ በመሃል ቆም አለ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ምን ሆኜ ነበር?» አለ። «የሆነ ነገር የተናገርኩ ይመስለኛል። ክፉ ነገር። ቤርሳቤ፣ ምን አልኩሽ?»

ያ ቃል ቤርሳቤ እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳው ቃል ነው። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ኛታንግ ቀደመቻት። ቤርሳቤን ትኩር ብላ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ የሚያስፈልጋትን የአማርኛ ቃል እየፈለገች ተናገረች።

«ምንም አላልክም» አለችው። «ሚስቴ የት አለች፣ ሚስቴን ጥሩልኝ፣ እሱን ብቻ ነው ያልከው።»

ኩዎል አምኖ አፉን ለቀጣዩ ጉርሻ ከፈተ። ቤርሳቤ ባዶውን ብርጭቆ አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ትንሽ ቆይታ ኛታንግ ተከትላት ገባች፣ በሩንም ከውስጥ ገፋ አደረገችው። ሁለቱ ሴቶች ከላስቲኮቹ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ኩዎል እንዳይሰማቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አለቀሱ።